ዝርግነት ከምን አንጻር? የሲኤንሲ ራውተርን ንጣፍ ሰሌዳ ስለ ማስተካከል

በሐዋሳ ከተማ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ በዋንዛ ጣውላ ላይ የአንድ ሱቅ ስም ሲቀረጽ ቆመን እንመለከት ነበር። መቅረጫው መሮና መዶሻ ሳይሆን በኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ አነስተኛ ራውተር ነው። የመጀመሪያው ፊደል ጥልቅና ሰፊ ሆኖ ወጣ። ማሽኑ ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ግን የፊደላቱ መስመር እየቀጠነ መጣና የመጨረሻው ፊደል በጥፍር የተጫረ ያህል ብቻ ሆኖ ቀረ። የቤቱ ባለሙያ ቢላው ደንዟል በማለት ቀየረው፤ ለውጥ አልመጣም። ከእኛም መካከል ስሕተቱ ከኮምፒዩተሩ ፋይል ነው ብሎ የተከራከረ ነበር፤ እርሱም አልተሳካለትም። እንደ ልብ ከማይገኘው ዋንዛ ሁለት ጣውላ ከተበላሸ በኋላ ማንም ያላሰበው ነገር ተጠረጠረ፤ ይኸውም ጣውላው የተቀመጠበት ሰሌዳ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ተራ ነገር ቢመስልም እርሱን ለማስተካከል ስንነሣ ‹‹ዝርግ ማለት ምን ማለት ነው?›› የሚል ጥያቄ ገጠመን፤ ጥያቄው ከጠበቅነው በላይ አስቸጋሪ ሆኖ አገኘነው።

ማሽኑና ሰሌዳው

ሲኤንሲ የሚለው ምኅጻረ ቃል የማሽን እንቅስቃሴን በኮምፒዩተር አማካይነት በቁጥር መምራትን ያመለክታል። በራውተሩ ላይ ቢላውን የሚያሽከረክረው ሞተር በሦስት አቅጣጫዎች ይጓዛል። ወደ ግራና ቀኝ የሚወስደው መስመር ኤክስ፣ ወደ ፊትና ኋላ የሚወስደው ዋይ፣ ወደ ላይና ታች የሚወስደው ዜድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1952 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለእይታ የቀረበው የዚህ ቤተሰብ ቀዳሚ ማሽን ቁጥሮቹን የሚያነበው ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ሲሆን መቆጣጠሪያው ብቻ ሰፊ ቦታ የሚይዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግርብል የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከወጣ ወዲህ ግን ያንኑ ሥራ በእጅ መዳፍ የምትያዝ አነስተኛ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ ታከናውነዋለች። ማሽኑ ከትልልቅ ፋብሪካዎች ወጥቶ በተማሪዎችና በአነስተኛ ሥራ ቤቶች እጅ የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ቢላው ጣውላን ሰንጥቆ በሚያልፍበት ጊዜ ከሥር ያለውን የማሽኑን ብረት እንዳይነካ በመካከል አንድ ሰሌዳ ይነጠፋል። ብዙውን ጊዜ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ ነው። ይህ ሰሌዳ እንዲቆረጥ፣ እንዲበሳና በመጨረሻም እንዲጣል የተመደበ ነው። እኛ ንጣፍ ሰሌዳ ብለን እንጠራዋለን። ርካሽና ጊዜያዊ ስለሆነ ማንም ትኩረት አይሰጠውም፤ ነገር ግን የሥራው ከፍታ ሁሉ የሚለካው ከእርሱ ተነሥቶ ነው።

የፊደሉን ጉዳይ በቁጥር እንመልከተው። ለጽሑፍ ቅርጽ የሚያገለግለው ቢላ ጫፉ እንደ ሾጣጣ የተሞረደ ነው። የሾጣጣው ማዕዘን 90 ዲግሪ ከሆነ የሚቀረጸው መስመር ስፋት የጥልቀቱ እጥፍ ይሆናል። ባለሙያው ጥልቀቱን 1 ሚሊ ሜትር ብሎ በግራ በኩል ቢላውን ከጣውላው ገጽ ጋር አስተካክሏል። ስለዚህ በግራ የመስመሩ ስፋት 2 ሚሊ ሜትር ነው። ሰሌዳው በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ወደ ቀኝ 0.6 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ከሆነ በቀኝ ጫፍ የሚቀረው ጥልቀት 0.4፣ ስፋቱም 0.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እንደ ‹‹ሐ›› ባለ ሦስት እግር ፊደል ላይ ይህ ልዩነት ከሩቅ ይታያል። 0.6 ሚሊ ሜትር የሚያህል ዝቅታ በዓይን ሲታይ ምንም አይደለም፤ ፊደሉ ግን አጋለጠው።

የኤሌክትሮኒክስ ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ የባሰ ችግር ይገጥማቸዋል። የወረዳ ሰሌዳ በራውተር ለመሥራት የሚቀረፈው የመዳብ ንብርብር ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ 0.035 ሚሊ ሜትር ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል፣ ማለትም 0.1 ሚሊ ሜትር ዝቅታ ካለ በአንድ ጫፍ መዳቡ ሙሉ በሙሉ ሳይቆረጥ ይቀራል። ወረዳውም እርስ በርሱ እንደ ተያያዘ ይወጣል።

ጠለል፣ ውሃ ልክ እና ትይዩ

በሥራ ቤቱ የመጀመሪያው እርምጃ ውሃ ልክ ማምጣት ነበር። ባለሙያው ሰሌዳው ላይ አስቀመጠው፤ አረፋው መሐል ላይ አልቆመም። ከዚያ የማሽኑ እግር ሥር ካርቶን አስገብቶ አረፋውን መሐል አመጣው፤ ሌላ ፊደልም ቀረጸ። ያው ሆነ። ይህ የሚያስቅ ቢመስልም ስሕተቱ የብዙዎቻችን ነው፤ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገን እናያለንና።

በሒሳብ ትምህርት ጠለል የምንለው በየትኛውም አቅጣጫ ቀጥተኛ መስመር ቢሰመርበት መስመሩ ሳይወጣ የሚያርፍበትን ገጽ ነው። ውሃ ልክ የሚነግረን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ገጹ ከመሬት ስበት አቅጣጫ ጋር ቀጤ ነክ መሆኑን። ‹‹ከባሕር ጠለል በላይ›› ስንል ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልለን እንናገራለን። በጠባብ ቦታ ይህ ችግር አያመጣም፤ በሰፊው ግን ይለያያሉ። የሐዋሳን ሐይቅ ነፋስ በሌለበት ማለዳ የተመለከተ ሰው ከዚያ የበለጠ ዝርግ ነገር አለ ብሎ አያምንም። ነገር ግን በሐይቁ ላይ 10 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ነጥቦችን ብንወስድና በመካከላቸው ፍጹም ቀጥተኛ ክር ብንዘረጋ የሐይቁ ውሃ መሐል ላይ ከክሩ 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የርቀቱ ካሬ ለመሬት ራዲየስ ስምንት እጥፍ ይካፈላል። ሐይቁ በየነጥቡ ውሃ ልኩን የጠበቀ ነው፤ ጠለል ግን አይደለም። ግንበኞች በውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ይዘው የቤት መሠረት ሲለኩ ይህ አያሳስባቸውም፤ በ30 ሜትር ላይ ስሕተቱ ከ0.02 ሚሊ ሜትር አይበልጥምና።

ራውተሩ ግን ከሁለቱም አንዱን አይጠይቅም። ማሽኑ ዘሞ ቢቀመጥ እንኳ ሰሌዳውም አብሮት እስከ ዘመመ ድረስ ሥራው አይበላሽም። የሚያስፈልገው ሦስተኛው ነገር ነው፤ የሰሌዳው ገጽ ቢላው ከሚጓዝበት መንገድ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ይህ የማሽኑና የሰሌዳው የግል ጉዳይ ነው፤ የመሬት ስበት አይገባበትም።

ትይዩነትን ለማግኘት በዓለም ላይ የተለመደው መንገድ ሰሌዳውን በዚያው ማሽን መላግ ነው። ሰፋ ያለ ዝርግ ጫፍ ያለው ቢላ ይታሰርና ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በስሱ ይላገዋል። ቢላው ያለፈበት ገጽ በትርጉሙ ከቢላው መንገድ ጋር ትይዩ ነው። አስተማማኝ፣ ፈጣንና ርካሽ ዘዴ ነው። ነገር ግን በውስጡ አንድ ማታለያ አለ።

የወፍጮና የመጅ ምስክርነት

ማታለያውን ለመረዳት ወደ እናቶቻችን ጓዳ እንመለስ። የእጅ ወፍጮ ሲገዛ የታችኛው ድንጋይም መጁም ተወቅረው ለጥ ያሉ ናቸው። ለዓመታት ከተፈጨባቸው በኋላ ግን የታችኛው ድንጋይ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ መጁም በአንጻሩ ሆዱ ይጎብጣል። ልብ እንበል፤ ሁለቱ ድንጋዮች ፍጹም ይገጣጠማሉ። ከአዲሶቹ ይልቅ ያረጁት ይበልጥ ይገጥማሉ። ሆኖም ከሁለቱ አንዱም ዝርግ አይደለም። ስለሆነም ሁለት ገጾች መግጠማቸው ስለ ዝርግነታቸው ምንም አይመሰክርም።

ይህንን ችግር የፈታውን ዘዴ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1840 በግላስጎው በተደረገ የሳይንስ ጉባኤ ላይ አቅርቦታል። ዊትዎርዝ በወጣትነቱ በታዋቂው በሄንሪ ሞድስሌይ ሥራ ቤት የሠራ ሰው ነው። የዘዴው ፍሬ ነገር ከሁለት ይልቅ ሦስት የብረት ሰሌዳዎችን መጠቀም ነው። አንደኛው ከሁለተኛው፣ አንደኛው ከሦስተኛው፣ ሁለተኛውም ከሦስተኛው ጋር እስኪገጥም ድረስ እየተፈተሹና ከፍ ያለው ቦታ እየተፋቀ ይሄዳል። አንደኛው ጎድጓዳ ቢሆን ከእርሱ ጋር የሚገጥሙት ሁለቱ ጎባጣ መሆን አለባቸው፤ ሁለት ጎባጣዎች ደግሞ እርስ በርስ አይገጥሙም። ሦስቱም በሁሉም አቅጣጫ እየተዞሩ የሚገጣጠሙት ሦስቱም ዝርግ ሲሆኑ ብቻ ነው። ከዚህ በፊት የተሠራ ዝርግ ነገር ሳያስፈልግ ዝርግ ነገርን ከምንም ማግኘት ይቻላል ማለት ነው። በእኛ አስተያየት ከኢንጂነሪንግ ታሪክ እጅግ ከሚያስደንቁ ሐሳቦች አንዱ ይህ ነው፤ በትምህርት ቤት ግን ሲነገር እምብዛም አንሰማም።

ራሱን በራሱ የላገ ማሽንና ሰሌዳው ልክ እንደ ወፍጮና መጅ ናቸው። ማሽኑ መሐል ላይ ዝቅ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ሰሌዳው መሐሉ ጎድጓዳ ይሆናል። ከዚያ መለኪያ በዚያው ማሽን ላይ ታስሮ ሰሌዳው ቢለካ መለኪያውም መሐል ላይ እኩል ዝቅ ስለሚል በሁሉም ቦታ ዜሮ ያነባል። ከሳሹም ምስክሩም ዳኛውም አንድ ሰው በሆነበት ችሎት የሚሰጠው ፍርድ ዓይነት ነው።

ዘጠኙ ነጥቦች

ከመላግ በፊት መለካት እንደሚገባ የተስማማነው ሁለተኛው ጣውላ ከተበላሸ በኋላ ነው። ዳያል ጌጅ፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትርን መቶኛ በሰዓት መልክ የሚያሳይ መለኪያ፣ በቢላው ፈንታ በማሽኑ ራስ ላይ አሰርን። በሰሌዳው ላይ በእርሳስ ዘጠኝ ነጥቦችን ምልክት አደረግን፤ ከፊት ሦስት፣ ከመሐል ሦስት፣ ከኋላ ሦስት። ከፊት በግራ ያለውን ነጥብ ዜሮ አድርገን ሌሎቹን ከእርሱ አንጻር በመቶኛ ሚሊ ሜትር መዘገብን። ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ የፊተኛው ረድፍ 0፣ −20፣ −60፤ የመሐሉ −4፣ −24፣ −64፤ የኋለኛው −8፣ −28፣ −68 ሆነ።

አንባቢ ከዚህ በታች ያለውን ከማንበቡ በፊት ቁጥሮቹን ትንሽ ቢያያቸው መልካም ነው።

በመጀመሪያ አራቱን ማዕዘኖች እንውሰድ። በሰያፍ የሚተያዩትን ጥንዶች ስንደምር 0 እና −68 ሲደመሩ −68፣ −60 እና −8 ሲደመሩም −68 ይሆናሉ። ድምሮቹ እኩል ከሆኑ አራቱ ማዕዘኖች በአንድ ጠለል ላይ ያርፋሉ፤ ጥምዘዛ የለም ማለት ነው። ድምሮቹ ቢለያዩ ኖሮ የማሽኑ ሁለት ሐዲዶች እርስ በርሳቸው ትይዩ እንዳልሆኑ እንጠረጥር ነበር። ስለዚህ እስካሁን የምናየው ቀላል ዝንባሌ ነው፤ ወደ ቀኝ 60፣ ወደ ኋላ ደግሞ 8። የፊደሉ ምሥጢር ተፈታ።

ነገር ግን የመሐሉን ዓምድ እንይ። ሰሌዳው ያዘነበለ ጠለል ብቻ ቢሆን ኖሮ መሐሉ −30፣ −34፣ −38 መሆን ነበረበት። የተነበበው −20፣ −24፣ −28 ነው። በሦስቱም ቦታ ልዩነቱ 10 ነው፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት። ሰሌዳው መሐል ለመሐል ጉብታ አለው፣ ወይም መለኪያውን የተሸከመው የማሽኑ ድልድይ መሐል ላይ ይጎብጣል። ዳያል ጌጁ ሁለቱን ሊለይልን አይችልም፤ በድልድዩ ላይ ተንጠልጥሏልና።

የሚለየው ከማሽኑ ውጭ የሆነ ምስክር ነው። ቀጥተኛ ረጅም የብረት ማስመሪያ ወስደን በመጀመሪያ ማስመሪያውን ራሱን ፈተንነው። በወረቀት ላይ በጠርዙ መስመር ካሰመርን በኋላ ገልብጠን በዚያው መስመር ላይ ዳግመኛ አሰመርን። ማስመሪያው የጎበጠ ቢሆን ሁለቱ መስመሮች ይለያዩ ነበር፤ አልተለያዩም። ከዚያ ማስመሪያውን በጠርዙ በሰሌዳው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ አቁመን በየቦታው ወረቀት ለማስገባት ሞከርን፤ የትም አልገባም። እንግዲያውስ ሰሌዳው ዝርግ ነበር። ጎባጣው ማሽኑ ነው።

ድልድዩ ምን ያህል ይጎብጣል?

የዚህ ማሽን ድልድይ 12 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባላቸው ሁለት የብረት ዘንጎች ላይ የተሠራ ሲሆን በድጋፎቹ መካከል ያለው ርቀት 50 ሳንቲ ሜትር ነው። ሞተሩና መያዣው 1.5 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናሉ። በጥንካሬ መካኒክስ ትምህርት እንደምናውቀው በሁለት ጫፎቹ ያረፈ ዘንግ መሐሉ ላይ ጭነት ሲደረግበት የሚጎብጠው መጠን ከጭነቱ ጋርና ከርዝመቱ ኩብ ጋር ያድጋል፤ ከዲያሜትሩ አራተኛ ኃይል ጋር ደግሞ በተቃራኒው ይቀንሳል። የብረትን የመለጠጥ ሞዱለስ 200 ጊጋ ፓስካል ብለን ብናሰላ ጭነቱ መሐል ላይ ሲሆን ዘንጎቹ 0.094 ሚሊ ሜትር ይጎብጣሉ። ጭነቱ ከድጋፉ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ግን 0.012 ብቻ ነው። ልዩነቱ 0.082 ይሆናል። ዘንጎቹ በራሳቸው ክብደት የሚጎብጡትን ስንጨምርበት ተጨማሪ 0.024 እናገኛለን፤ በድምሩ 0.106። ዳያል ጌጁ የነገረን 0.10 ነበር። በወረቀት ላይ የተሠራ ስሌት ከሥራ ቤት ልኬት ጋር እንዲህ ሲገናኝ የሚሰማው ደስታ ለተማሪ ሁሉ የሚገባው ነው።

ከዚሁ ጋር ሰፊ ማሽን ለመሥራት ለሚመኙ አንድ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። ያንኑ ዘንግ 1 ሜትር ቢያደርጉት በጭነቱ ምክንያት የሚመጣው ጉብጠት ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ዘንጉ በራሱ ክብደት የሚጎብጠው ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ። ርዝመትን ከመጨመር በፊት ውፍረትን መጨመር ይገባል።

መላጉ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሰሌዳውን ስንፈታው ከግራው ጠርዝ ሥር ሰጋቱራና የደረቀ ኮላ ተጣብቆ አገኘን። ሰሌዳው የታሰረው በጥድፊያ ሳይጠረግ ነበር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ። ቆሻሻው ተፍቆ ሰሌዳው እንደገና ሲታሰር የቀኙ ዝቅታ ከ0.6 ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ወረደ። ቢላ ከማስነሣት በፊት መጥረጊያ ማንሣት እንደሚቀድም በዚህ ተረዳን። የሚያስሩት ብሎኖች ራሳቸው ከሰሌዳው ገጽ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ጠልቀው መግባት አለባቸው፤ ወደፊት ሰሌዳው ደጋግሞ ስለሚላግ ቢላው አንድ ቀን ብረት እንዳያገኝ ነው።

ቀጥሎ ሞተሩ ራሱ ለሚጓዝበት መንገድ ቀጤ ነክ ሆኖ መቆሙ ይረጋገጣል። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ኤሌክትሪኩ ከተነቀለ በኋላ የታጠፈ ጠንካራ ሽቦ በቢላው ቦታ ይታሰርና ጫፉ ከመሐል 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ ሰሌዳውን ሊነካ እስኪል ይወርዳል። ሞተሩን በእጅ እያዞርን በአራቱም አቅጣጫ ከሽቦው ጫፍ ሥር ስንት ወረቀት እንደሚገባ እንቆጥራለን። በግራና በቀኝ መካከል፣ ማለትም በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የአሥር ወረቀት ልዩነት ቢኖር ሞተሩ ከሺህ 5 ያህል ዘሟል። ቢላው በእያንዳንዱ ጉዞ 8 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን የሚሻገር ከሆነ በየመሻገሪያው 0.04 ሚሊ ሜትር የምታህል ደረጃ ትቀራለች፤ ጣት ሲያልፍባት እንደ መሰላል ትሰማለች። ከሞተሩ መያዣ ሥር ስስ ቆርቆሮ እያስገቡ ልዩነቱን ወደ አንድ ወረቀት ማውረድ ይቻላል። እርግጥ ነው ይህን ከማድረጋችን በፊት የሰሌዳውን ዝንባሌ ማወቅና ከንባቡ መቀነስ ነበረብን፤ ሽቦው የሚለካው ሁለቱን በአንድነት ነውና። ዘጠኙ ነጥቦች እዚህም ጠቀሙን።

ከዚያ የሰሌዳው ገጽ በሙሉ በእርሳስ መስመር ይሸፈናል። ዝቅተኛው ነጥብ የት እንዳለ ስለምናውቅ ምን ያህል መላግ እንዳለብን አንገምትም፤ 0.3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ዲያሜትሩ 20 ሚሊ ሜትር በሆነ ቢላ፣ በየጉዞው 8 ሚሊ ሜትር እየተሻገርን፣ 40 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ገጽ ለመሸፈን 39 ጉዞ፣ በድምሩ 15.6 ሜትር ተጓዝን። ፍጥነቱ በደቂቃ 1.2 ሜትር ስለነበር 13 ደቂቃ ፈጀ። የእርሳሱ መስመር አንድም ሳይቀር ሲጠፋ ሥራው አልቋል። የቀረ መስመር ካለ እዚያ ቢላው አልደረሰም ማለት ስለሆነ እንደገና 0.1 ወይም 0.2 ሚሊ ሜትር ይወረዳል። ሰሌዳው ቢላው ከሚደርስበት ክልል የሚሰፋ ከሆነ በዙሪያው ያልተላገ ከንፈር ይቀራል፤ ትልቅ ጣውላ በዚያ ላይ ሲቀመጥ ይንሳፈፋል። ከመጀመሪያው ሰሌዳውን በልኩ መቁረጥ የተሻለ ነው።

በሥራው መካከል መብራት ቢጠፋ መደናገጥ አያስፈልግም፤ ነገር ግን ማሽኑ የት እንዳለ እንደማያውቅ መረዳት ይገባል። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ያሉት ስቴፐር ሞተሮች ቦታቸውን የሚያውቁት የተላከላቸውን እርምጃ በመቁጠር ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ቆጠራው ይጠፋል፤ የሞተሩ ራስም በክብደቱ ሊወርድ ይችላል። መብራት ሲመለስ የተላገው ክፍል ላይ ወረቀት አስቀምጦ ከፍታውን እንደገና መያዝ እንጂ ‹‹ከቆመበት ይቀጥል›› ማለት ሰሌዳውን መቆፈር ነው።

ስለ ብናኙ ጥቂት እንበል። ኤምዲኤፍ ሲላግ የሚወጣው እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ነው። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ለሰው ልጅ ካንሰር አምጪ ከሆኑ ነገሮች መድቦታል፤ በኤምዲኤፍ ሙጫ ውስጥ ያለው ፎርማልዴኃይድም በኋላ በዚያው ምድብ ገብቷል። በር መክፈት ብቻውን አይበቃም። ብናኝ የሚስብ ማሽንና በአፍንጫ ላይ በደንብ የሚገጥም መሸፈኛ ያስፈልጋሉ፤ በአንገት ላይ የተንጠለጠለ ነጠላ ይህን አይተካም።

ሁለት ሰሌዳዎች ፊት ለፊት

ከተላገ በኋላ ዳያል ጌጁን መልሰን አሰርንና ዘጠኙን ነጥቦች ለካን። ሁሉም ከዜሮ በአንድ ወይም በሁለት መቶኛ አይርቁም ነበር። ባለሙያው በጣም ተደሰተ። እኛም ማስመሪያውን በጠርዙ አቆምነው፤ መሐል ላይ ወረቀት ገባ። ከመላጉ በፊት የትም ያልገባው ወረቀት ማለት ነው። ማሽኑ ዝርግ የነበረውን ሰሌዳ ጎድጓዳ አድርጎ ዝርግ ነው ብሎ መሰከረለት።

ይህንኑ በሌላ መንገድ ለማረጋገጥ የዊትዎርዝን ሐሳብ በትንሹ ተዋስን። ጎናቸው 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ካሬ የኤምዲኤፍ ቁራጮች ተራ በተራ በአንድ ቦታ ላይ ታስረው ተላጉ። ከዚያ የተላጉትን ገጾች ፊት ለፊት አጋጠምናቸው። ሁለቱም የአንድ ማሽን ልጆች ስለሆኑ አንድ ዓይነት ጉድለት ይዘዋል፤ ጎድጓዳ ከጎድጓዳ ጋር ሲገናኝ ክፍተቱ እጥፍ ይሆናል። ከ40 ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ስላጠርን ጉድለቱም በመጠኑ አንሷል፤ ቢሆንም አንድ ወረቀት መሐሉ ድረስ ያለ ችግር ገባ፤ ሁለተኛው እየታሸ። ዳያል ጌጅ የሌለው ተማሪ ይህንን ሙከራ በሁለት ቁራጭ ሰሌዳና በአንድ ደብተር ወረቀት ሊሠራው ይችላል።

ሙከራውን ለሚደግሙ ግን አንድ ረቂቅ ነገር መጠቆም አለብን። ሰሌዳዎቹ ጥምዝ ከሆኑ፣ ማለትም ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ከፍ ሁለቱ ዝቅ ብለው ከሆነ፣ አንዱን ገልብጠን በሌላው ላይ ስናስቀምጠው ጥምዘዛቸው ይገጥማል፤ ክፍተት አይታይም። የላይኛውን ሩብ ዙር ስናዞረው ግን ከፍታ ከከፍታ ጋር ይገናኝና ሰሌዳው ይወዛወዛል። ቁራጮቹ ካሬ እንዲሆኑ የፈለግነው ለዚህ ነው። የወፍጮው ማታለያ በጥምዘዛም መልክ ይመጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ ጎድጓዳ ሰሌዳ መጥፎ ነው ወይስ ጥሩ? መልሱ በላዩ በሚቀመጠው ነገር ይወሰናል። ስስ የወረዳ ሰሌዳ በሙጫ ጥብጣብ ሲለጠፍበት ተጣጥፎ የጎድጓዳውን ቅርጽ ይይዛል፤ ቢላውም ያንኑ መንገድ ስለሚከተል ጥልቀቱ በሁሉም ቦታ እኩል ይሆናል። ለዚህ ሥራ በማሽኑ የተላገ ሰሌዳ ፍጹም ዝርግ ከሆነ የግራናይት ገበታ ይበልጣል። የ3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የዋንዛ ጣውላ ግን አይታጠፍም፤ በጉድጓዱ ላይ እንደ ድልድይ ያርፋልና መሐሉ 0.1 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ይቀረጻል። በ2 ሚሊ ሜትር ስፋት ፊደል ላይ ይህ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ገዢ አያየውም። ሁለት ጣውላዎችን አጋጥሞ የጠረጴዛ ገበታ ለማውጣት ጠርዞቻቸውን በዚህ ማሽን ላይ መላግ ግን አንመክርም። እዚያ ልክ እንደ ሁለቱ ቁራጮች ስሕተቱ እጥፍ ሆኖ በመጋጠሚያው ላይ ይወጣል፤ ኮላም አይሸፍነውም። ለዚያ ወይ ዘንጎቹን በወፍራም መተካት ወይ ወደ ጥንቱ መላጊያ መመለስ ነው።

ባለሙያው ዘንጎቹን ወደ 16 ሚሊ ሜትር ለማሳደግ አስቧል። በስሌታችን መሠረት በጭነቱ የሚመጣው ጉብጠት ከሲሶ በታች ይወርዳል። እስከዚያ ድረስ ሰሌዳው እንዳለ ይሠራል። ገጹ ሲላግ የኤምዲኤፉ ጠንካራ ቆዳ ስለተገፈፈና እርጥበት በአንድ በኩል ብቻ ስለሚገባ እንዳይጎብጥ ስስ ቫርኒሽ ቀባነው። በጠርዙም ላይ የተላገበትን ቀንና ዘጠኙን ቁጥሮች በእርሳስ ጻፍን፤ ክረምቱ ሲያልፍ እንደገና ለክተን ከአዲሶቹ ጋር እናስተያያቸዋለን። ሦስተኛው የዋንዛ ጣውላ በማግሥቱ ተቀርጿል፤ የመጨረሻው ፊደል ስፋት በካሊፐር ሲለካ 1.9 ሚሊ ሜትር ነበር።